መጡልህ

ሲስተሯ መርፌውን ወደ ላይ አንስታ አየሩን ስታስወጣ፣ እናትየው ሚጣን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተዘጋጅታ ነበር። ግራ ክንዷን በልጅቷ ደረት ዙሪያ አሳልፋለች፣ በቀኝ መዳፏ የልጅቷን ዓይን ጋርዳለች፣ ጉንጯን ከጆሮዋ አስጠግታለች። የማያሳምም፣ ግን የማያፈናፍን አያያዝ ነው። ሲስተሯ በልቧ ተደነቀች። ወደዚያች ጠባብ የመርፌ ክፍል የሚገቡ እናቶች ወይ በወሳኙ ሰዓት ልጁን ይለቁባታል፣ ወይ ከልጁ ብሰው ያለቅሳሉ። ይህቺ ግን እጇ ሥራውን የለመደ ነው የሚመስለው።

እናትየው ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ባለ፣ በለሰለሰ ድምፅ በልጅቷ ጆሮ «መጡልሽ» አለች።

ሚጣ ንቅት አለች። ከጠዋት ጀምሮ በትኩሳት የዛለው አንገቷ ቀና አለ። ከእናቷ መዳፍ ሾልካ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ዓይኗ በራ።

«ማን መጣልኝ?» አለች ፈገግ ብላ።

መርፌው ገባ። ልጅቷ አልተሰማትም፤ በሩን እያየች ነበር።

እናትየው ከገዛ አፏ የወጣውን ቃል የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ክው አለች። በአንድ ጊዜ ብድግ ስትል መርፌው ከልጅቷ ጭን ወጣ፤ መድኃኒቱ ከፊሉ ገብቶ ከፊሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሲስተሯ «ምን ሆንሽ፣ ምን ነካሽ» እያለች ስትከተላት፣ እናትየው ልጅቷን አልጋው ላይ አጋድማ ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነበር። ልብ ይመታል። አላመነችም። ደግማ ለጠፈች። ከዚያ ሚጣን እንደ ጆንያ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግላት፣ ተራ የሚጠብቀውን ሰው እየገፋች ከጤና ጣቢያው ወጣች። መንገድ ላይ ሰው ዞር ብሎ ያያታል። ልጅ የሰረቀች ነበር የምትመስለው።

ሚጣ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ወደ ኋላ እያየች ትጠይቅ ነበር። ማን ነው የመጣው? አባዬ ነው? ለምንድን ነው ታዲያ ሳናገኘው የሄድነው?

እንግዲህ ቃሉ ለልጅ የሚነገር ክፉ ቃል አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስንት ሕፃን ቀኑን ሙሉ የሚናፍቀው ቃል ነው። ክፋቱ የሚገባው ሴትዮዋ የት እንደምትሠራ ለሚያውቅ ነው።

የምትሠራው ከከተማው ዳር፣ ከጋራዦቹ አልፎ ባለው የእንስሳት መጠለያ ነው። መኪና የገጨው ውሻ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘች ድመት ከነልጆቿ፣ ጀርባው ቆስሎ የተጣለ አህያ፣ ሁሉም እዚያ ይመጣል። ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ቤትም ያገኛሉ። የማይድኑም አሉ። አከርካሪው የተሰበረ፣ በሽታው ሌላውን የሚጨርስ፣ ሰው ቀርቦ ሊያየው የማይችል ተናካሽ አለ። ቦታ ሲጠብ ደግሞ፣ ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ፣ ጤነኛ ሆኖ ማንም ያልፈለገውም አለ። እነዚህን ሐኪሙ «ያሳርፋቸዋል።» ገደልን የሚል ቃል በመጠለያው ግቢ ተነግሮ አያውቅም። አሳረፍን ነው የሚባለው። የሚያርፉትም ከግቢው ጫፍ ባለች፣ በነጭ ቀለም በተቀባች ክፍል ውስጥ ነው። የዳር ክፍል ይሏታል።

በዳር ክፍል ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይወጋል፤ ይህ ሐኪሙ ነው። አንዱ ይይዛል። የምትይዘው እሷ ናት።

ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ጌቶቹ ቤት ሲቀይሩ መጠለያው በር ላይ አስረውት የሄዱት አንድ ሽማግሌ ውሻ ነበር። ይህ ውሻ ቀን ከሌት ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። ምግብ ሲሰጡት እንኳ የሚበላው በሩን እያየ ነው። ኩላሊቱ ከሥራ ውጪ ሆኖ ያለቀለት ቀን ዳር ክፍል አስገቡት። ተንቀጠቀጠ፣ ታገለ፣ ጠረጴዛው ላይ ሽንቱን ለቀቀ። ሐኪሙ ደም ሥር ፈልጎ አጣ። እሷ አዲስ ናት፣ የምትለው ጠፋት። ከየት እንደመጣላት ሳታውቀው «መጡልህ፣ ጌቶችህ መጡልህ» አለችው።

ውሻው ትግሉን ተወ። ሁለቱም ጆሮው ቆመ፣ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ፣ ጅራቱ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። ሐኪሙም በዚያች ቅጽበት ሥራውን ጨረሰ። ጅራቱ ሲመታ፣ ሲመታ፣ ቀስ እያለ ቆመ።

ሐኪሙ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ እንዲህ ያለ ሰላማዊ ዕረፍት አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። እውነቱን ነው፤ እንስሳው ደስ ብሎት ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ በእሷ እጅ ያለፈ ሁሉ ይህን ቃል ሰምቶ ነው ያለፈው። መጡልህ። መጡልሽ። መንገድ ላይ ተወልዶ ጌታ ኖሮት የማያውቀው እንኳ ይህን ድምፅ ሲሰማ በሩን ያያል። ማንን እንደሚጠብቅ እሱ ነው የሚያውቀው።

መጀመሪያ መያዝ በተራ ነበር። ሬዲዮ የሚሉት ሹፌር፣ አፉ ስለማያርፍ ነው ስሙን ያገኘው፣ አንድ ቀን ሆዴን አመመኝ ብሎ ተራውን ሰጣት። የጽዳቷ ሠራተኛ፣ ትልቅ ሰው ስለሆኑ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ዓይናቸው ደከመና ተራቸውን ተዉላት። አንዷ ሠራተኛ ከዳር ክፍል ወጥታ ምሳ ልበላ ብላ እንደሄደች በዚያው ቀረች። የእሷም ተራ ወደዚችው መጣ። አታለቅስም፤ እጇን በሳሙና ታጥባ በቀጥታ የድመት ግልገሎቹን ወተት ልታጠጣ ነው የምትሄደው። «ብረቷ» አሏት። «ለብረቷ ስጧት፣ እሷ ትችለዋለች» ሲባል ደስ ይላት እንደነበር መደበቅ የለበትም። ሰው በሆነ ነገር መመስገን ይወዳል።

ያን ቀን ማታ የሚጣ አባት ከሥራ ገባ። ግንበኛ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚመለሰው። ልጅቷ ተወጋች ወይ ብሎ ጠየቀ። ተወጋች አለችው። ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። የሳንባ ምች ነው ተብላለች ሚጣ፤ መርፌው በየቀኑ ሳይቋረጥ ሊሰጣት ይገባል፣ ከተቋረጠ በሽታው በርትቶ ይመለሳል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። እሱም ይህን ስለሰማ አደራ፣ እንዳታሳልፊባት ብሎ ተኛ።

በማግሥቱ ልጅቷን ይዛ ሄደች። ጤና ጣቢያው በር ድረስ። በሩ ላይ እግሯ ተያዘ። ከውስጥ የመድኃኒቱ ሽታ መጣ፤ ያው የዳር ክፍል ሽታ ነው፣ አልኮልና ጎማ ጓንት። ሚጣን አቅፋ ዓይኗን ብትጋርዳት ምን እንደምትላት አፏ ያውቀዋል። እሷ ባትልም አፏ ይላል። ልጅቷም በሩን ታያለች። ተመለሰች። ለጎረቤቷ አስይዛት ወደ ሥራ ሄደች። በነጋታውም እንደዚያው ሆነ። ከበሩ ተመለሰች።

ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅቷን መንካት ፈራች። ሚጣ እጇን ዘርግታ «እቀፊኝ» ስትላት እጄ ቆሻሻ ነው፣ ቆይ ልታጠብ ትላታለች። ትታጠባለች። ታጥባ ደግሞ ሌላ ሥራ ትይዛለች። ልጅቷ ማታ ማታ ትስል ጀመር፤ ስትተነፍስ የጎኗ አጥንት ሥር ስርጉድ፣ ስርጉድ ይላል። አባቷ «መርፌው እየሠራላት አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ጊዜ ይፈልጋል አለችው። ይህቺኛዋ የለየላት ውሸት ነበረች።

እንዲህ ሆና ነው ከዚያ ወዲያ ባለው ቀን ወደ ሥራ የገባችው። ሬዲዮ ጭነት መኪና የረገጣትን አንዲት ቢጫ ውሻ በመኪናው አምጥቶ ነበር። ወገቧ ተቆርጧል፤ የኋላ እግሮቿን እንደ ጨርቅ ትጎትታለች። ሐኪሙ አንዴ አይቷት ራሱን ነቀነቀ። የሚያጠያይቅ ነገር የለውም፣ ማሳረፍ ነው።

ብረቷ እንደወትሮዋ ያዘች። ክንዷ በደረት ዙሪያ፣ መዳፏ ዓይን ላይ፣ ጉንጯ ጆሮ ጋ። ውሻዋ ጥርሷን እያፋጨች ትወራጫለች፣ ከሕመሙ ብዛት አየሩን ትነክሳለች። ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ጠበቀ። ቃሉን ነው የሚጠብቀው።

ቃል የለም።

«በያት እንጂ» አለ።

«አልላትም።»

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ቀና ብሎ አያት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዶክተር፣ ልጄን አልኳት» አለች። «መርፌ ስትወጋ ይዤ መጡልሽ አልኳት። በሩን አየች። ልክ እንደነሱ አየች።»

ሐኪሙ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውሻዋን እንደዚህ ሆና ማቆየት ግፍ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሬዲዮን ጠራው። ብረቷን ውጪ ወጥታ እንድትቀመጥ ነገራት። ቆም ብላ አየች፣ ከቁም ሳጥኑ የላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ብልቃጥ ሲያወርድ።

«ያ ምንድን ነው?» አለችው።

«ማስተኛው።» ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም። «መጀመሪያ በዚህ ነበር የምናስተኛቸው። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ነበር ዋናውን የምንወጋው። አንቺ ከመጣሽ በኋላ... አላስፈለገም።»

ይህን ስትሰማ ነው የገባት። ያን ሁሉ ጊዜ ድምፅዋ የመድኃኒት ተተኪ ነበር። ብልቃጡ ሲወደድ፣ ሰዓቱ ሲያጥር፣ የእሷ ጉሮሮ አለ። ሐኪሙ በተንኮል ያደረገው አይደለም። ቃሏ ከመርፌው ይልቅ ቶሎ ይሠራ ነበር፤ እንስሳውም ይረጋጋል፤ ጥያቄ ያነሳ ሰው አልነበረም። እሱ ራሱም ጉዳዩ እንዲህ መሆኑን ያወቀው ገና አሁን፣ ከአፉ ሲወጣ ይመስላል።

ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የተገለበጠ የመኖ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። እትዬ መጥረጊያቸውን ጥለው መጡ። ምን ሆንሽ ብለው አልጠየቋትም፤ ሌላ ባልዲ ገልብጠው አጠገቧ ቁጭ አሉ። ቆየት ብለው ሐኪሙና ሬዲዮ ወጡ። ሬዲዮ ያን ያህል ለፍላፊ ሆኖ ውሻዋን ሲይዝ አንዲት ቃል አልወጣውም ነበር። እንቅልፍ ስለወሰዳት ቃልም አላስፈለጋት። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሎበታል።

ሐኪሙ የሆነውን ለሁለቱ ነገራቸው። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። ሬዲዮ አንዴ ሳቅ ልበል አለና ሳቁ መንገድ ላይ ቀረበት።

«እኛ እኮ ቻለችው ብለን ነው» አሉ እትዬ በመጨረሻ። «ብረት ናት ብለን። ብረትም ይዝጋል ለካ፣ ልጄ።»

ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ሐኪሙ ተናገረ። ሰውየው ስለ ቤቱ አውርቶ አያውቅም። እንስሳው ማለፉን የሚያረጋግጠው የዓይኑን ጥግ በጣቱ ነካ በማድረግ ነው፤ ካልተርገበገበ አልቋል ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷት አጠገቧ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሳያስበው እጁን ሰዶ የዓይኗን ጥግ ነካ። ነቅታ አየችው። ፊቱ ላይ ምን እንዳየች አልነገረችውም፤ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ትራሷን ይዛ ሌላ ክፍል ነው የምትተኛው። «እኔም የምነግራት አጥቼ ዝም አልኩ» አለ።

ሬዲዮ መሬቱን እያየ ነበር። «ወሬ ወድጄ የማወራ መስሏችኋል» አለ። «ዝም ካልኩ ከኋላ የተጫነው ይሰማኛል። መኪናው ባዶ ሲሆንም ይሰማኛል።»

እትዬ ከሁሉም ይልቅ የራሳቸውን ሲናገሩ አፈሩ። ሥራቸው የባዶውን ክፍል ማጠብ ነው። እንስሳው ከወጣ ሽታው ለሚቀጥለው እንዳይቀር ወዲያው በበረኪና ይታጠባል። ታዲያ ባለፈው ዓመት ወንድ ልጃቸው ለሥራ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሸኝተውት ይመለሳሉ። አውቶቡሱ ከከተማው ሳይወጣ ፍራሹን አውጥተው ጥለው፣ ልብሱን ሰጥተው፣ ግድግዳውን ሁሉ በበረኪና አጥበው ጨርሰዋል። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ የሚተኛበት አጣ። «እማዬ፣ ሞቼ ነበር እንዴ?» አላቸው። እየሳቁ ነገሩት፤ ሌሎቹም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እትዬ ያለቅሱ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ዘመን አብረው ሲበሉ ሲጠጡ፣ አንዱ የሌላው ቤት እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር። እርስ በርስ ተያዩ፤ አደጋ ደርሶ አቧራው ውስጥ ሆኖ ማን እንደተረፈ እንደሚያይ ሰው።

ጥያቄውን የጠየቁት እትዬ ናቸው። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሲያበቁ ድንገት ዞር አሉ።

«ልጅቷስ? መርፌዋን ጨረሰች?»

ብረቷ ከባልዲው ልትነሳ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ እየጠየቅኩሽ ነው።»

«በር ላይ እደርስና...» አለች፤ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

ሐኪሙ ከተቀመጠበት ተነሳ። የእንስሳ ሐኪም ቢሆንም ሳንባ ሳንባ ነው፤ ትርጉሙን ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተወጋችም ወይ ብሎ ጠየቀ። አልተወጋችም። ትኩሳቱስ? አለ። ትንፋሿስ? እጇን በጎኗ ላይ አድርጋ፣ ስርጉድ የሚለውን አሳየችው። እትዬ «እግዚኦ» ብለው ተነሱ። ሬዲዮ ቁልፉን ሲያወጣ ከእጁ ወድቆ ባልዲው ውስጥ ገባ።

በመጠለያው መኪና ነው የሄዱት፤ ከኋላው ፍርግርግ ያለው፣ የውሻ ፀጉር መቀመጫው ላይ የተጣበቀበት። ሐኪሙ መንገድ ላይ ለሚጣ አባት ስልክ ደውሎ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲመጣ ነገረው። ጎረቤትየዋ በቤቷ በር ላይ ልጅቷን ታቅፋ ጠበቀቻቸው። የሚጣ ከንፈር ዳር ሰማያዊ ቢጤ ሆኗል። ልጅቷን እትዬ ተቀበሉ። እናትየው ከኋላ፣ ከፍርግርጉ ጥግ ተቀምጣ፣ የልጅቷን ጫማ ይዛ ነበር። ጫማውን ብቻ።

የሚጣ አባት ከእነሱ ቀድሞ ጤና ጣቢያው ደርሷል። እጁ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ ነው፤ ሳይታጠብ ነው የሮጠው። የሆነውን እዚያው በረንዳ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ራሷ ነገረችው። ውሸቷን ጭምር። ሰውየው ሲሚንቶውን በሌላው እጁ ጥፍር እየፋቀ አዳመጠ።

«ለእኔ አትነግሪኝም?» አላት።

«ምን ብዬ?»

እሱም ምን ብላ እንደምትነግረው ለማሰብ ሞከረ። አላገኘውም። ልጁን ከእትዬ እጅ ተቀብሎ ገባ።

ሲስተሯ አወቀቻት። መጀመሪያ በመቆጣት ጀመረች፤ የልጅቷን ትንፋሽ ስታይ ቁጣውን ትታ ሥራ ያዘች። የጤና ጣቢያው ሐኪም መጥቶ ደረቷን አዳመጠ። ሌሊቱን እዚህ ታድራለች፣ ኦክስጅን ያስፈልጋታል፣ ዛሬ ባትመጡ ኖሮ አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ወጣ። ያልጨረሰው ነገር ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ሁሉም ሰማው።

መርፌው ሲዘጋጅ ሲስተሯ ለእናትየው ወንበር ሳበችላት። «ነይ ያዣት፣ አያያዝ ታውቂበታለሽ» አለቻት።

እናትየው ሁለት እጇን ብብቷ ሥር ቀበረች። «አልችልም» አለች።

ይህችን ቃል ሐኪሙም፣ እትዬም፣ ሬዲዮም፣ ባሏም ከእሷ አፍ ሰምተዋት አያውቁም። ሲስተሯ ብቻ ናት ያልደነቃት፤ ለእሷ ቃሉ በየቀኑ የምትሰማው ቃል ነው። እሺ፣ አባቷ ይያዛት፣ አንቺ እዚህ ፊት ለፊቷ ተቀመጪ አለቻት፣ አለቀ።

አባትየው መያዝ አያውቅበትም። አንዴ ክንዷን፣ አንዴ እግሯን ይጨብጣል፤ ሲሚንቶው ቀሚሷ ላይ ቀረ። ሚጣ መርፌውን አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች።

«እማ፣ ያማል?»

እናትየው አፏን ከፈተች። ያ የለሰለሰ ድምፅ ጉሮሮዋ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። ዋጠችው፤ ሲዋጥም እንደ አጥንት ወጋት። የወጣው ሻካራ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው።

«ያማል» አለቻት። «በጣም ያማል፣ የኔ እናት።»

ሚጣ ገና ሳትወጋ አፏን ከፍታ ጮኸች። ስትወጋማ ጤና ጣቢያው ተናወጠ። አባቷን በርግጫ አለችው፣ የሲስተሯን ጓንት ነከሰች፣ ከሳሉ ጋር እየታገለች አልወድሽም፣ አልወድሽም ብላ እናቷ ላይ ጮኸች። በረንዳው ላይ ያለ ሰው በበሩ አንገቱን አስገባ። እናትየው እጇን ከብብቷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ትሰማለች። በእጇ ካለፉት ሁሉ አንድም እንዲህ የጮኸባት አልነበረም። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር የሄዱት።

ሲስተሯ ጥጥ አድርጋ ፕላስተር ለጠፈች። የመጠለያው ሐኪም በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሞ ነበር። እናትየው ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ነገ የሚሰቃይ እንስሳ ቢመጣ ማን ይይዛል ብላ ጠየቀችው። እንደዚህ ሆናም የምታስበው ይህን ነው፤ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው።

«እኔና ሬዲዮ» አለ። «ተኝቶ ነው፤ መጀመሪያ ይተኛል። ከዚያ ወዲያ በተራ ነው፣ ተከታትሎ ሁለቴ የሚይዝ የለም። ብልቃጥ ካለቀ የዳር ክፍል ይዘጋል፤ ከበላይ የሚጠይቀኝ ካለ እኔ እመልሳለሁ። ሰው ደግሞ አመጣለሁ፣ የሰው ሐኪም፣ የልብን የሚያነጋግረን። ለእኔም ጭምር።»

«እኔስ?»

«አንቺ ድመቶቹ ጋ ነሽ፣ ወደ ዳር ክፍል ራስሽ ፈልገሽ እስክትመጪ። ካልመጣሽም አልመጣሽም።»

ራሷን ነቀነቀች። ለማመን ጊዜ የሚፈልግ ነገር ነበር።

ስትመለስ ሚጣ ኦክስጅኑ ተገጥሞላት አባቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ክንዷ ዝልል ብሎ ተንጠልጥሏል፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተጥሏል። እናትየው በሩ ላይ ደረቀች። ይህን ዓይነት አተኛኘት ታውቀዋለች። የደረቷ ከፍ ዝቅ ማለት ይታያል፣ ሲስተሯም ደህና ናት እያለቻት ነው፤ ዓይኗ ያየውን ልቧ አልቀበልም አለ። ሄዳ አጎንብሳ፣ በሁለት ጣቷ የልጅቷን ጉንጭ ቆነጠጠች።

«ምነው፣ ትተኛ እንጂ» አለ አባትየው።

«ትተኛለች» አለች። «አንዴ ትቆጣኝና።»

ሚጣ ዓይኗን ገለጠች። እናቷን አየች። ግንባሯን ቋጠረች፣ እጇን ከተንጠለጠለበት አንስታ የእናቷን ጣት ገፋችና ፊቷን ወደ አባቷ ሆድ አዞረች።